ውሻው ለምን ነከሰ? ከቆሎ ተማሪ ዱላ እስከ «ፓስተር» መርፌ

በባዕድ አገር ኢጉዋና የሚባል ትልቅ አረንጓዴ እንሽላሊት ቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። (የእኛ ሰው አርጃኖ ሲያይ እንኳ ድንጋይ ነው የሚያነሳው!) ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ ቅጠል በል እንስሳ አንዳንዴ አሳዳጊውን ይነክሳል። ጠባዩን የሚያውቁ ሰዎች ታዲያ ከመንከሱ በፊት ያስጠነቅቃል ይላሉ። ከአገጩ ሥር ያለውን ቆዳ ይዘረጋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ በጅራቱ ይገርፋል። ይህን አይቶ ያልራቀ ይነከሳል።

እኛ ኢጉዋና ባይኖረን ውሻ አለን። ይህን ሁሉ ዘመን በደጃችን አሳድረነው «ለምን ነከሰ?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን? እስቲ ለዚህ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዲማ እንሂድ።

ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቱ ስሙ የተጠራ ደብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የታሪካቸው መቼት አድርገውታል። እንዲህ ባሉ ደብሮች የሚማር የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞር ነበር። ዱላው ለጌጥ አልነበረም፤ ለውሻ ነበር።

አሁን ነገሩን በውሻው ዓይን እንየው። እንግዳ ሰው ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው ግቢ ይመጣል። ውሻው ይጮሃል። ተማሪው ቁራሹን ተቀብሎ ይሄዳል። ለእኛ የሄደው ቁራሹን ስላገኘ ነው፤ ለውሻው ግን የሄደው በእሱ ጩኸት ነው። ነገም ከነገ ወዲያም ይኸው ሲደገም ውሻው በየቀኑ «አባረርኩ» እያለ ድፍረቱ ይጨምራል። አንድ ቀን ተማሪው ሳይርቅ ቢቀር ወይም ጀርባውን አዙሮ ቢሮጥ ንክሻው ይከተላል። ከዚያ በፊት ግን ውሻው ጆሮውን አጥፍቷል፣ ጥርሱን አሳይቷል፣ አጉረምርሟል። እንደ ኢጉዋናው አስጠንቅቋል ማለት ነው።

ችግሩ ይህን የማይጠብቅ ሌላ ንክሻ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በወሎና በጎጃም የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ እንደነበር ተመዝግቧል። ጎጃምን የሚገዙት ያን ጊዜ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በዓመቱ፣ በሐምሌ 1885፣ ሉዊ ፓስተር ፓሪስ ላይ ጆሴፍ ሜስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከተበ፤ ልጁም ዳነ። ለጎጃም ገበሬ ልጅ ግን ያ መርፌ ገና ሩቅ ነበር፤ የነበረው ጸበልና የመድኃኒት አዋቂ ቅጠል ነበር። በ1903 ደግሞ በሽታው አዲስ አበባን መታ።

ክትባቱ በኋላ አገራችን ገባ፤ ጉለሌ በሚገኘውና ሕዝቡ «ፓስተር» በሚለው ተቋም (የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት) ይዘጋጅ ጀመር። ከበግ አንጎል የሚሠራ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ነበር። ስንቱ ተነካሽ መርፌውን ፈርቶ ቀርቷል! የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 ጀምሮ ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀርና በዘመናዊው እንዲተካ ሲመክር ቆይቷል።

የበሽታው ቫይረስ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ምራቅ ይወርዳል። ስለዚህ የታመመ ውሻ ጠባዩ ይለወጣል። ኃይለኛው ይፈዛል፣ ለማዳው ያለምክንያት ይነክሳል። እኛ ደግሞ ሁለቱን ንክሻ በአንድ ቃል ጠቅልለን «አበደ!» እንላለን፤ ውሻውን በድንጋይ ገድለን ጉዳዩን እንዘጋለን። በተቃራኒው ደግሞ የቤታችን ቡችላ ልጃችንን ሲጭር «ለማዳ ነው» ብለን እንተወዋለን። ልጅ የሚሞተው በዚህኛው ነው።

የነከሰ ውሻ ቢቻል አይገደልም። ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ እስከዚያ ደህና ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ከገደልነው ግን ይህን ማወቂያ መንገድ እናጣለን። ተነካሹ ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም። ቁስሉ ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የድሮው ተማሪ ከውሻ የሚጠብቀው ዱላ ብቻ ነበር። ዛሬ ውሻን በየዓመቱ ማስከተብ ይቻላል፤ ልጆቻችንንም የሚያጉረመርም ውሻ ሲያዩ እንዳይሮጡ፣ ቀጥ ብለው ቆመው ቀስ ብለው እንዲርቁ ማስተማር እንችላለን። ያንተስ ውሻ፣ ያንቺስ ውሻ ለመጨረሻ ጊዜ የተከተበው መቼ ነው?