ጅቡና ቀጥቃጩ

ጎፋ ሰፈር ስሙን ያገኘው በደቡብ ካለው የጎፋ አገር ነው። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከየአቅጣጫው የመጣው ወታደርና አገልጋይ የሰፈረበት ምድር በወጣበት አገር ስም ይጠራ ነበርና፣ ወላሞ ሰፈርም ወርጂ ሰፈርም እንዲሁ ነው የተሰየሙት። እነዚህ ሰፋሪዎች በቋንቋም በምግብም ይለያዩ ነበር፤ በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ። ከሰሜን የመጣው፣ ብረት ቀጥቃጩ ቀን ሰው ሆኖ ውሎ ሌሊት ጅብ እንደሚሆን፣ በዐይኑም ሰው የሚበላ ቡዳ እንደሆነ ሲሰማ ያደገ ነው። ከደቡብ የመጣውም ባለ እጁን ከማዕዱ የሚለይ ሥርዓት ነበረው፤ በጋሞ ደጋ ለምሳሌ ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የሚባሉት ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎች ከገበሬው ጋር አይጋቡም ነበር። ተራራና በረሃ የለያቸው ሕዝቦች ያንኑ አንድ ዓይነት ሰው ካራቁ፣ ምክንያቱ አውሬው ላይ አይገኝም። የጅብ ሰው ወሬ ከአውሬው ይልቅ የመሬትን ነገር ያወራል ባይ ነኝ።

ጅቡ መቼም ተረት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት የሚጮኸውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ በጨለማ መፍራቱም አስተዋይነት ነው። ይህ አውሬ ወደ ሰው ታሪክ የሚገባው ጆሮው ላይ ጉትቻ ሲንጠለጠል ነው። ከ1805 እስከ 1818 እ.ኤ.አ. በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ የቡዳ ዘሮች የሚያጠልቁት ዓይነት ጉትቻ ከተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ እንደሚገኝ ጽፏል። ወሬውን የጻፈው ፊደል የቆጠረ መርከበኛ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ነገሩን ያልተማረ ሰው ሞኝነት ነው ብሎ መዝጋት አይቻልም። አውሬው ራሱ ፍርሃቱን ይወልዳል እንዳንል ደግሞ ሐረር አለች። እዚያ ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ጂኒ ይበላል፣ ከተማይቱን ያጸዳል ተብሎ ይታመናል፤ በእጅም ይመገባል። ያው ጅብ፣ ያው ጥርስ፣ ግን ሌላ ትርጉም።

ትርጉሙን የሚወስነውን ለማግኘት ርስት ያለውንና የሌለውን መለየት ይበቃል። ለምሳሌ የአይሁድ እምነት ተከታይ የሆኑት ቤተ እስራኤል በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ካልተጠመቁ ርስት እንዳይወርሱ እንደተከለከሉ በትውፊት ይነገራል። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ሙያ ይኖራል፤ ወናፍና የሸክላ ጭቃ የነሱ ሆነ። በጎንደር ዘመን ለነገሥታቱ ግንበኛና አናጢ ሆነው ሠርተዋል፤ ሆኖም ግንቡን ያነሳው ሰው ጅብ ይሆናል ከመባል አላመለጠም። ገበሬው ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ አንድ ክረምት አይዘልቅም። የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚሠራለት ሰው ግን ርስት የለውም፣ ማኅበር አይጠጣም፣ ጋብቻ አይጠየቅም። እንዲህ የተጠጋና የተገለለ ሰው በልቡ ይቀናል ብሎ መጠርጠር ቀላል ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ የቡዳ እምነት ባሳተመው ጽሑፍ፣ ነገሩን ከዚሁ ከጨዋና ከቡዳ መለያየት ጋር አያይዞ ተመልክቶታል።

የሰው ልጅ ሁሉ አስፈሪ ነገር ይወድዳል፣ አውሮፓም ተኩላ ሆነ ያለችውን ሰው አቃጥላለች፣ ስለዚህ የመሬት ነገር ምን አመጣው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ይህ ግን ተረት ለምን እንደሚኖር እንጂ ለምን ቀጥቃጩን ትቶ አራሹን እንደማይነካ አያስረዳም። ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ርስት ያለው ገበሬም ቡዳ ተብሎ ይታማል። ይታማል፤ የሚታማው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዘሩ አለበት ተብሎ ነው፣ ማለትም ከአያቶቹ አንዱ ወደ ጠይብ፣ ወደ ባለ እጁ ወገን፣ ይሳባል። የሕክምናው ሥርዓትም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ቡዳ በላው የተባለውን ሰው ያጥኑታል፣ ጤና አዳም ያሸቱታል፣ እስኪለፈልፍ ድረስ ማን እንደበላው ይጠይቁታል። የሚወጣው ስም ከሰማይ አይወርድም፤ በሽተኛውም አስለፍላፊውም ማን ሊጠራ እንደሚችል አስቀድመው ያውቃሉ። በዚያች ሰዓት መንደሩ በጎረቤቱ ላይ ፍርድ ይሰጣል፤ ይህን ጉዳት የሌለው ባህል የሚሉት ስማቸው ያልተጠራባቸው ናቸው።

ዐፄ ምኒልክ ጉዳቱን በሚገባ ተረድተው ነበር። ባለሙያ የሚያስፈልጋት ከተማ እየሠሩ ሳለ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብን ሰው በእስራት እንደሚቀጡና ስድቡን በራሳቸው ላይ እንደተሰነዘረ እንደሚቆጥሩት አስታወቁ። አዋጁ የተሳደበን አፍ ሊቀጣ ይችል ነበር፤ ርስትን ግን አልነካም፣ ስለዚህም ሐሜቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። ርስትን የነካው የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ በዚያው ዓመት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትም ተወረሰ።

ዛሬ በጎፋ የብረት በርና መስኮት የሚያሠራ ሰው ሠራተኛውን በያጅ ይለዋል። እሳቱም ብረቱም ያው ነው፤ በያጁ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል ግን የለም። የኮንዶሚኒየም ጎረቤቱ የበያጁ አያት ምን ያርሱ ወይም ምን ይቀጠቅጡ እንደነበር አያውቅም፤ መሬቱም የሁለቱም አይደለም። ቡዳ ግን ከሰፈሩ አልወጣም፤ ከሙያው ወደ ዐይን ብቻ ተዛውሯል። ሕፃን ሲያምር ቱፍ ቱፍ ይባላል፣ ጉርሻ በነጠላ ይሸፈናል፣ ተመልካቹ ማንም ይሁን ማን። ጥያቄው ወደ ሙያና ወደ ዘር የሚመለሰው ልጅ ሲዳር ነው፤ ሽማግሌ ሲላክ የአያት ስም መቆጠር ይጀምራል፣ በያጁም ያን ጊዜ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል።