የስሜን ተራሮች አፋፍ፦ ከቡይት ራስ እስከ ሳንካበር የአንድ ቀን የእግር ጉዞ

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር ናት። ብዙዎች ፓርኩን ሲያስቡ ቀድሞ የሚታያቸው ድንኳንና ስንቅ ጭኖ ለቀናት መጓዝ፣ መድረሻውንም ራስ ዳሽን ማድረግ ነው። ኾኖም የተራሮቹን አፈጣጠር፣ የዱር እንስሳቱን ኑሮና ፓርኩ የተሸከመውን ጫና በአንድ ቀን ለማየት የሚያስችል መንገድ አለ። ይኸውም ከቡይት ራስ ተነሥቶ የገደሉን አፋፍ በመከተል ሳንካበር የሚያደርሰው የእግር መንገድ ነው።

እሳት የሠራው፣ ውኃ የቀረጸው

የስሜን ተራሮች መነሻ እሳተ ገሞራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ አለት እየፈሰሰና እየረጋ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየጣለ፣ እንደ ተዘረጋ ጋሻ ሰፊ የኾነ ከፍታ ሠራ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሥራው ለዝናብና ለወንዞች ተላለፈ። ወደ ተከዜ የሚወርዱት ውኆች አለቱን እየሸረሸሩ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 1 ሺህ 500 ሜትር የሚደርስ ገደል ፈጠሩ።

ተጓዡ ይህን ታሪክ ከአፋፉ ላይ ኾኖ ያያል። በገደሉ ግድግዳ ላይ አግድም የተሰመሩት ሽንሽኖች በተለያየ ጊዜ የፈሰሱ የቅልጥ አለት ንብርብሮች ናቸው። ከታች በቆላው ተነጥለው የቆሙት ሹል አምባዎች ደግሞ ከመሸርሸር የተረፉ የጥንቱ ከፍታ ቅሪቶች ናቸው።

መንገዱና ነዋሪዎቹ

የመንገዱ ሁለት ጫፎች ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 250 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ግን ዳገትና ቁልቁለት ይፈራረቃል። በዝግታ ለሚጓዝ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። መንገዱ በአስታ ዛፎች መካከል ያልፍና በየመሐሉ ወደ ገደሉ ጫፍ ይወጣል።

በዚህ አፋፍ ላይ ተጓዡ በብዛት የሚያገኘው ጭላዳ ዝንጀሮን ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ከጠላት ለመሰወር በገደሉ እርከኖች ላይ ያድራል፤ ረፋዱ ላይ ሣር ሊግጥ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከዓለም በስሜን ብቻ የሚገኘው ዋሊያ ግን በቀላሉ አይታይም። ዋሊያንና ቀይ ቀበሮን የማየት ዕድሉ የሚሰፋው ከሳንካበር አልፎ በጨነቅና በቧሂት አካባቢ ነው።

ከመነሣት በፊት

ጉዞው የሚጀምረው በደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። በዚያ ተመዝግቦ የመግቢያ ክፍያ መፈጸም፣ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት ይዞ መጓዝ ያስፈልጋል። ወቅታዊውን የጸጥታ ኹኔታም አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ተስማሚው ጊዜ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው የበጋ ወቅት ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ገደሉን ሊሸፍነው ስለሚችል ማልዶ መነሣት ይመረጣል። ጉም ሲወርድ አፋፉ አይለይም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ከጠርዙ መራቅና ከአስጎብኚው አለመለየት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ በቀጥታ የመጣ ሰው በዚህ ከፍታ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሊሰማው ይችላል። በደባርቅ አንድ ሌሊት ማደር ሰውነትን ያለማምዳል። ምልክቶቹ ከበረቱ ዋናው መፍትሔ ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ ነው። በቂ ውኃ፣ ባርኔጣ፣ ሙቀት የሚሰጥ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ መያዝ የግድ ነው።

የተጓዡ ድርሻ

ፓርኩ እ.አ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዋሊያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር በመመናመኑ፣ የእርሻና የግጦሽ ጫናም በመበርታቱ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ለዚህም ከተከፈለው ዋጋ አንዱ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው በደባርቅ መስፈራቸው ነው። በ2011 ዓ.ም የተነሣው ሰደድ እሳት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር መሬት አቃጥሏል።

በመኾኑም ከተጓዡ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፤ ከተመተረው መንገድ አለመውጣት፣ እሳት አለማንደድ፣ ለጭላዳ ምግብ አለመስጠት፣ ቆሻሻን ይዞ መመለስ። አስጎብኚውንና ስካውቱን ከአካባቢው መቅጠር ደግሞ መሬቱን ለጥበቃ ሲል የለቀቀው ማኅበረሰብ ከተራራው ተጠቃሚ እንዲኾን ያግዛል።