ጾምና ገበታ በባሌ ደጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዐቢይ ጾም በተቃረበ ቁጥር በጎባና በሮቤ ወጣቶች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ሥጋና ወተት ስንተው ክብደታችን የሚቀንስ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ በጾም ምግብ ብቻ ብንኖር አይሻልም?» ይላሉ አንዳንዶች። በሌላ ወገን «ሥጋ ያልበላ ሰው አቅም የለውም» ብለው ጾምን የሚፈሩ አሉ። አባቶቻችን ይህን ጉዳይ እንዴት እንደ ያዙት ከታሪክ እንመልከት።

ከገነት እስከ ባቢሎን

ለሰው ልጅ መጀመሪያ የተሰጠው ምግብ የምድር ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነበር (ዘፍ. 1፥29)። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው (ዘፍ. 9፥3)። ቅዱስ ባስልዮስም ጾም ከሰው ልጅ ጋር እኩያ እንደ ሆነና በገነት እንደ ተሠራ አስተምሯል። ስለዚህ ሥጋ በራሱ ርኩስ አይደለም፤ አትክልትም በራሱ ጽድቅ አይሆንም።

ክብደት ለመቀነስ የሚጾሙ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ነቢዩ ዳንኤልን ነው። ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች ዐሥር ቀን ጥራጥሬ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው ተፈተኑ። ይሁን እንጂ መጽሐፍ በፍጻሜው ከሱ አይልም፤ ከሌሎቹ ይልቅ መልካቸው አምሮ፣ ሥጋቸውም ወፍሮ እንደ ታየ ይመሰክራል (ዳን. 1፥12-15)። የንጉሡን ማዕድ የተዉት እንዳይረክሱበት ነው እንጂ ሰውነታቸውን ለማሳመር አልነበረም። ያው ዳንኤል በኋላ ሦስት ሳምንት ሲያዝን ከሥጋና ከወይን እንደ ተከለከለ ተጽፏል (ዳን. 10፥2-3)። ይህም የጾሙ ወራት የተለየ እንደ ነበር ያስረዳል።

ሥርዐቱ በቤተ ክርስቲያን

ረቡዕንና ዓርብን መጾም የጥንት ክርስቲያኖች ሥርዐት ለመሆኑ ዲዳኬ በመባል የሚታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ ምስክር ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ ኢብን አል-ዓሳል ያዘጋጀው፣ በእኛ ዘንድ ፍትሐ ነገሥት የተባለው መጽሐፍም በአንቀጽ 15 የጾምን ሥርዐት ያብራራል። በሀገራችን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ይጾማል፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። ሁሉም ሲደመር በዓመት ከ180 እስከ 250 የሚደርስ ቀን ይሆናል። በአንጻሩ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም።

ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን አይቶ ተደንቋል። ብዙዎች ዐቢይ ጾምን በእንጀራና በውኃ ብቻ እንደሚያሳልፉት ጽፏል።

ጾም በባሌ ደጋ

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ በላይ የሳነቴ አምባ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ይህ አገር የከብት አገር ነው። ኦሮሞ ወገኖቻችን «ጎዳንቱ» በሚሉት ልማድ ከብቶቻቸውን በየወቅቱ ወደ ደጋው ግጦሽና ወደ ሆራው ይነዳሉ። ወተትና ቅቤ ባለበት፣ ብርዱም በሚጠና ምድር ቅቤን መተው ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ይኸው ደጋ የእህልም አገር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጋናና በቦና ወቅት ይመረታል። ስንዴውና ገብሱ፣ ባቄላውና አተሩ፣ ምስሩና ተልባው የጾመኛው ጎተራ ናቸው። ከገብሱ በሶና ቆሎ፣ ከስንዴው ንፍሮና ቂንጬ፣ ከባቄላውና ከአተሩ ሽሮና ክክ ይሰናዳል።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ከባሌ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየራሱ ሥርዐት የታረደውን ይበላል። ስለዚህ በድግስም ሆነ በለቅሶ ቤት ጎረቤታሞች ያለ ልዩነት አብረው የሚቆርሱት ብዙ ጊዜ ዳቦው፣ ንፍሮውና ሽሮው ነው። በ2017 ዓ.ም. የረመዳን ወር በዐቢይ ጾም ውስጥ በዋለ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች፣ በተለያየ ሥርዐት ቢሆንም፣ በአንድ ሰፈር ጾመዋል።

ክብደትና ጤና

እ.ኤ.አ. በ2003 በቀርጤስ ደሴት የተደረገ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎቹ 120 ጎልማሶችን ለአንድ ዓመት ተከታትለው፣ የኦርቶዶክስን ጾም የሚጠብቁት በጾሙ ፍጻሜ በደማቸው ያለው ኮሌስትሮል ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ጥራጥሬና አትክልት አሰር ስላላቸው ያጠግባሉ። እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የጎደለውን የፕሮቲን ዓይነት ሌላው ይሞላል። እንጀራችንን በሽሮ መብላታችን ከዚህ ጋር ይስማማል።

ሆኖም የጾም ምግብ ሁሉ ክብደት አይቀንስም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይይዛል፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ብስኩት የሚያዘወትር ሰው በጾሙ ሊወፍር ይችላል። ሥጋም በበኩሉ የተሟላ ፕሮቲንና ለሰውነት በቀላሉ የሚገባ ብረት ይሰጣል፤ ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። የፍስክ ቀናት ይህን ይተካሉ። ነገር ግን በፋሲካ ሌሊት ሆድን በአንድ ጊዜ በጥሬ ሥጋና በቅቤ መሙላት የጾሙን ትዕግሥትም የሰውነትንም ዕረፍት ያፈርሳል። ለሕመምተኛ ሥርዐቱ ራሱ ይራራል፤ ነፍሰ ጡሮችም፣ የስኳር ሕመምተኞችም ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ።

እንግዲህ ምን እንማራለን?

ቤተ ክርስቲያን ሥጋንና አትክልትን አላጣላችም፤ ለእያንዳንዱ ጊዜ ሰጠችው እንጂ። ሐዋርያው የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው እንዳይፈርድ አስተምሯል (ሮሜ 14፥3)። ክብደት መቀነስ ነውር አይደለም፤ ለጤና የሚያስፈልገው ሰው ከሐኪሙ ጋር ይሥራበት። ጾምን ግን በሚዛን የሚለካ ሰው ኪሎው ባልቀነሰ ጊዜ ጾሙን ይተዋል፤ በቀነሰ ጊዜም ይመካበታል። ነቢዩ ኢሳይያስ ያሳየን መለኪያ ሌላ ነው፤ ለተራበ እንጀራን መቁረስ (ኢሳ. 58፥7)። በጾሙ ከገበታችን የቀረው የሥጋና የቅቤ ዋጋ ለማን ደረሰ? በመጪው ጾም ከሚዛኑ በፊት ይህን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።