ከማንኩሳ እስከ ሞጣ፦ ልብ ወለዱ የቀደመው አመፅ

ከሽንዲ ተነሥታችሁ በቡሬ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ። ብዙዎቻችሁ በመኪና መስኮት አይታችኋት ይሆናል እንጂ ወርዳችሁ አላያችኋትም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ የበዛብህን ወላጆች ያኖሩት በዚህች በማንኩሳ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ስሙ የገነነው መጽሐፍ የሚጀምረው እዚሁ ከደጃችን ነው ማለት ነው።

በወጣቶች ጥናታችን ስለዚህ መጽሐፍ ስንጨዋወት «በዛብህን ምን ገደለው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። አንዱ «ፍቅር» አለ፤ ሌላው «ሽፍታ» አለ፤ ሦስተኛው «የወላጆቹ ስለት» አለ። አንዲት እህት ግን «መምህር፣ የገበሬዎቹን ነገር ለምን ዘለልነው? ግብር አንከፍልም ማለታቸው ኃጢአት ነበር ወይስ አልነበረም?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቀን በቂ መልስ አልሰጠኋትም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል ብለው የተሳሉት ልጅ ነው። አድጎ ቅኔ ይማራል፣ ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ወደ ቤታቸው ይገባል። የልጅነት ዘመኑ የሚያበቃው እዚያ ነው። ከተማሪ ቤት ወጥቶ ከጌታ ቤት ሲገባ፣ ሰው ሁሉ እኩል እንዳልሆነ፣ የአንዱ ድግስ ከሌላው ጎተራ እንደሚወጣ በዓይኑ ያያል። ብዙ ጊዜ የፍቅሩን ታሪክ ብቻ ስለምንከተል፣ ወጣቱ ዓለምን ያወቀበትን ይህን ትምህርት እንረሳዋለን።

በዚያው ታሪክ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ የሆነ ግብር ይጠይቃሉ። ገበሬዎቹ የተለመደውን እንከፍላለን፣ ያልተለመደውን አንከፍልም ይላሉ። ፊታውራሪው «ደፈሩኝ» ብለው ይዘምታሉ፤ አበጀ በለው የሚመራቸው ገበሬዎችም ይማርኳቸዋል። ልብ በሉ፣ ገበሬዎቹ ግብር የሚባል ነገር ይጥፋ አላሉም። የተጣሉት «ከታዘዘው በላይ» በምትባለው ነገር ላይ ነው።

እንግዲህ የሚያስደንቀው ይህ ነው። መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ እውነተኛው የጎጃም ገበሬ ተነሣ።

የተነሣበትን ምክንያት ለማወቅ «ርስት» የሚለውን ቃል መረዳት ያስፈልጋል። በደቡብ የአገራችን ክፍል ብዙው ገበሬ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። በጎጃም ግን ብዙው ገበሬ ርስተኛ ነው። የርስት መብቱን የሚያገኘው ከአቅኚ አባቱ በመወለዱ ነው፤ ዘሩን ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ርስት ለእርሱ እህል የሚያበቅል አፈር ብቻ አይደለም፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያስመሰክርበት ስሙ ነው። ስለዚህ መንግሥት መሬትህን ልለካ ሲለው ገበሬው የሚሰማው «ስምህን ልፋቅ» የሚል ነው። «ቀላድ» ማለት የመለኪያ ገመድ ነው፤ በሌላ አገር ቀላድ ከተጣለ በኋላ ባለመሬቱ ጭሰኛ ሆኖ እንደቀረ ጎጃሜው ሰምቷል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መሬቱን ለመለካት በተሞከረ ጊዜም እንቢ ብሎ መልሷል።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ አሥራት የሚባለውን የቆየ ግብር አስቀርቶ፣ ገበሬው ከሚያገኘው ገቢ ላይ እንዲከፍል፣ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት እንዲሰጥ ያዝዛል። እውነቱን እንናገር ካልን በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ አዋጅ አይደለም። ታዲያ ገበሬው ለምን ጠላው?

ገቢውን ለማወቅ ገማቾች መምጣት ነበረባቸው። ገበሬው ደግሞ ገማቹ ሲመጣ ያየው የቀላዱን ጥላ ነው። ዛሬ ምርቴን ገመተ፣ ነገ መሬቴን ይለካል፣ ከነገ ወዲያ ይወስደዋል አለ። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም በሕዝቡ ዘንድ አልተወደዱም ነበር። በዚያ ላይ የቆየ ቁስል አለ፤ ከጎጃም አርበኞች ስሙ የታወቀው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሲሞት ሕዝቡ አልረሳም። መተማመን በሌለበት ቤት ደግ ቃል እንኳ እንደ ስድብ ይሰማል።

ሞጣና ዳሞትን በመሳሰሉ አካባቢዎች ገበሬው ገማቾችን አላስገባም አለ። ሽማግሌ ልኮ አቤት አለ፤ አልተሰማም። ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥትም ጦር ላከ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ተልኮ በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣለ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን ማብረድ መረጡ፤ ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ገበሬው መንግሥት ለመገልበጥ አልተነሣም ነበርና ወደ እርሻው ተመለሰ።

የከተማው ተማሪ በበኩሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» እያለ በአዲስ አበባ ሰልፍ ይወጣ ነበር። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ተማሪው የሚጮኸው መሬት ስለሌለው ጭሰኛ ሲሆን፣ የጎጃም ገበሬ የተዋጋው ያለውን መሬት እንዳያጣ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ግን ጭሰኝነቱም ርስቱም በአንድ ቀን በሕግ አበቁ።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ ልመለስ። መጽሐፍ ቅዱስ ግብር ለሚገባው ግብርን ስጡ ይላል፤ ይህን ልናለዝበው አንችልም። ነገር ግን ያው መጽሐፍ ለሰብሳቢውም ቃል አለው። ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት፣ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ አላቸው (ሉቃስ 3)። እኛ ለከፋዩ ብቻ እየሰበክን ለሰብሳቢው ዝም ካልን ግማሽ ወንጌል ሰብከናል።

የሮብዓምንም ታሪክ አስታውሱ (1ኛ ነገሥት 12)። ሕዝቡ ቀንበራችንን አቅልልልን ብሎ ሲለምነው ሽማግሌዎቹ በጎ ቃል ተናገራቸው አሉት። ቀንበሩን አክብድባቸው ብለው የመከሩት አብሮ አደጎቹ ወጣቶች ናቸው። እኛ ወጣቶችን ስናስተምር ሁልጊዜ ዳዊትንና ዳንኤልን እንጠራለን፤ መንግሥት የከፈለውን የወጣቶች ምክር ግን አንጠራም። ወጣት መሆን ብቻውን የተበደለ ወገን አያደርግም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ እህቴ፣ ገበሬዎቹ ከታዘዘው በላይ አንከፍልም ማለታቸውን ኃጢአት አልለውም። የፈሰሰውን ደም ግን ከማንም ወገን ቢሆን አላወድሰውም። ኃጢአቱ የጀመረው ጥይት ከመተኮሱ በፊት፣ አቤቱታ ይዘው የሄዱት ሽማግሌዎች ሳይሰሙ በተመለሱበት ቀን ነው እላለሁ።

ይህ ያለፈ ዘመን ወሬ እንዳይመስላችሁ። ከመካከላችን ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ሁመራ የወረደ አለ፤ በቆሎ ለመሸልቀቅ፣ በርበሬ ለመልቀም በቀን ሥራ የሚውል አለ። ከመካከላችን ደግሞ በአባቱ ማሳ ላይ የቀን ሠራተኛ የሚያሠራ አለ። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ላይ ስለሚጮኸው የአጫጆች ደመወዝ ሲናገር፣ ፊታውራሪ መሸሻን ብቻ የሚናገር እንዳይመስለን። «ነገ ና» ተብሎ የተሸኘ አንድ የቀን ሠራተኛ በእኛም ደጅ ሊኖር ይችላል።

በዛብህ ዓለምን ያወቀው በፊታውራሪው ቤት ነው። እናንተም የምታውቁት ከቤታችሁ ጀምራችሁ ነው። በዚህ መከር እናትና አባታችሁን አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ ለአጫጆቹ የተነጋገርነውን ያህል፣ በተነጋገርንበት ቀን ከፍለናል? አያቶቻችሁንም ስለ ቀላድና ስለ 1960 ጠይቋቸው፤ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እያነሱ ነው። የሚነግሯችሁን ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ በሚቀጥለው ጥናታችን አብረን እናነበዋለን።