የካንጋሮ እንክብካቤ፦ ያለጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሕፃናት

የካንጋሮ እንክብካቤ ማለት ያለጊዜው የተወለደን ወይም ሲወለድ ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነን ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ለረጅም ሰዓት ማቀፍና የእናት ጡት ወተት ብቻ መመገብ ነው። ስያሜው ልጇን በሆዷ ኪስ ይዛ ከምታሳድገው ካንጋሮ የተወሰደ ነው። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለጊዜው የተወለደ ይባላል፤ ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች የመዘነ ደግሞ ዝቅተኛ ክብደት ያለው ይባላል።

ለምን ያስፈልጋል?

ትንሽ ሕፃን ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ሲቀዘቅዝ ለመጥባት አቅም ያጣል፣ በደሙ ያለው ስኳር ይወርዳል፣ አተነፋፈሱም ይዛባል። የእናት ገላ ሙቀቱን ሳያቋርጥ ይሰጠዋል። ጡት ቅርብ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይጠባል፣ የእናትየው ወተትም ይጨምራል፣ ሕፃኑ በኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉም ይቀንሳል።

አንዳንድ ቤተሰብ «ማሞቂያ መሣሪያ ስለሌለ ነው እቀፉ የሚሉን» ብሎ ያዝናል። እርግጥ ነው፣ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሲጀመር ምክንያቱ የማሞቂያ እጥረት ነበር። ዛሬ ግን በራሱ ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ትንንሽ ሕፃናት በመቶ 38 ሲሞቱ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ ቀደም ብሎ ከተጀመረላቸው መካከል የሞቱት በመቶ 22.5 መሆናቸውን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር እንክብካቤው ከተወለዱ ጀምሮ ወዲያው እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይላል። በራሱ መተንፈስ ያልቻለና አፋጣኝ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕፃን ግን መጀመሪያ ያንን ሕክምና ማግኘት አለበት።

እንዴት ይታቀፋል?

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሕፃኑን ኮፍያ፣ ካልሲና ሽንት ጨርቅ ብቻ ያልብሱት።
2. በሁለቱ ጡቶችዎ መካከል ቀጥ አድርገው፣ ደረቱ ደረትዎን እንዲነካ ያስቀምጡት። እጁና እግሩ እንደ እንቁራሪት ይታጠፉ።
3. ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዙረው ትንሽ ቀና ያድርጉት። አገጩ ደረቱን ከነካ መተንፈሻው ሊዘጋ ይችላል።
4. በንጹሕ ነጠላ ወይም በሚለጠጥ ጨርቅ ከጆሮው ሥር ጀምረው ያሰሩት። ሲቆሙ እንዳይንሸራተት ጠበቅ፣ ሆዱ ለመተንፈስ እንዲመቸው ደግሞ ላላ ያለ ይሁን። ከላይ ልብስና ጋቢ ይደርቡ፤ ፊቱን ግን አይሸፍኑ።
5. ሲተኙ ትራስ ደርበው ከወገብዎ በላይ ከፍ ይበሉ።

በጀርባ ማዘል ይህን አይተካም። የታዘለ ሕፃን ፊቱ አይታይም፤ ትንፋሹ ቢቆም ወይም ቢጠቁር ቶሎ አይታወቅም።

እናት ከደከማት፣ በቀዶ ሕክምና ከወለደች ወይም ገላዋን መታጠብ ካለባት አባት፣ አያት ወይም አክስት ተቀብለው ሊያቅፉ ይችላሉ። የሚያቅፈው ሰው ጤነኛና ንጹሕ ይሁን፤ ጉንፋን ወይም ሳል ያለበት አይቀፍ።

ምግቡ

እንገሩን አይጣሉ፤ ለትንሽ ሕፃን የመጀመሪያው መከላከያ እሱ ነው። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር በውኃ ወይም ሌላ ነገር መስጠት ይጎዳዋል። ቢያንስ በየሁለት እስከ ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀስቅሰው ያጥቡት። መጥባት ካቃተው ወተቱን በንጹሕ ኩባያ አልበው በባለሙያ ምክር ይስጡት።

ከአንበሳሜ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ከተባለ

በአንበሳሜና በደራ ወረዳ ቀበሌዎች የሚኖሩ ከሆነ፣ ሕፃኑ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ትንሽ ሕፃን ሊቀዘቅዝ ከሚችልባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ጉዞ ነው። በብርድ ልብስ ብቻ ጠቅልለው አይውሰዱት፤ ገላ ለገላ ታቅፎ ይሂድ። ከመነሳትዎ በፊት ባለሙያው እንዲያስርልዎ ይጠይቁ፣ የሪፈር ወረቀቱን ይያዙ፣ መኪናው ውስጥ የሕፃኑን ትንፋሽና የከንፈሩን ቀለም ይመልከቱ። እናት መጓዝ ካልቻለች አባት ወይም አያት ያቅፉት። ቤት ውስጥ ከተወለደና ትንሽ መስሎ ከታየ፣ ሳያጥቡት አድርቀው ወዲያው ይቀፉትና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ቤት ከገቡ በኋላ

ሕፃኑ 2,500 ግራም ገደማ እስኪደርስ ወይም መታቀፉን እምቢ ብሎ እየተንፈራገጠ መውጣት እስኪጀምር ድረስ ይቀጥሉ። በአራስ ቤት ጭስ አይኑር፣ እንግዳ ይቀንስ፣ ቤቱ ሙቅ ይሁን። ክብደቱን ለማስመዘን በቀጠሮ ይሂዱ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ያሳውቁ።

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፦

• መጥባት ካቆመ ወይም በጣም ከደከመ
• ትንፋሹ ከተቋረጠ፣ በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ
• ገላው ከተኮሰ፣ ወይም ታቅፎም ከቀዘቀዘ
• ካንቀጠቀጠው
• መዳፉና የውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ
• እትብቱ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ

ትንፋሹ ቆሞ ካዩ ጀርባውን ቀስ አድርገው ያሹ፣ እየጮሁም እርዳታ ይጥሩ። በመንገድም ቢሆን ከደረትዎ አይለዩት።