ለወዛም ቆዳ የፊት መዋቢያ አጠቃቀም፦ ለወልቂጤ፣ ለቡታጅራና ለአካባቢያቸው ነዋሪዎች የተዘጋጀ የጤና መረጃ

አጠቃላይ መረጃ

ይህ ጽሑፍ ወዛም ቆዳ ያላቸው ተጠቃሚዎች የፊት መዋቢያቸው ከጠዋት እስከ ማታ ሳይፈርስ እንዲቆይ ማድረግ የሚችሉበትን መንገድ፣ እንዲሁም ለዚሁ ዓላማ ሲባል ከሚፈጸሙ ጎጂ ልማዶች ራሳቸውን የሚጠብቁበትን ጥንቃቄ ያብራራል። መረጃው የተዘጋጀው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የሚገኙትን የወልቂጤንና የቡታጅራን ከተሞች የአየር ጠባይና የኑሮ ሁኔታ ታሳቢ በማድረግ ሲሆን፣ በሌሎች አካባቢዎች የሚኖሩ ተገልጋዮችም ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የዚህ መረጃ ዋና መልእክት የሚከተለው ነው፦ በወዛም ቆዳ ላይ መዋቢያ የሚቆየው ንጹሕ በሆነ ፊት ላይ ስስ አድርጎ በመቀባትና በቀን ውስጥ ወዙን በማንሳት እንጂ ምንነታቸው ያልታወቀ ክሬሞችን በመደረብ አይደለም። ለአንድ ቀን ውበት ተብሎ የሚደረግ ጥንቃቄ የጎደለው አጠቃቀም ለዓመታት የሚዘልቅ የቆዳ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ቆዳ የሚወዛው ለምንድን ነው?

በቆዳ ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ዕጢዎች ቆዳን የሚያለሰልስና ከድርቀት የሚጠብቅ ወዝ ያመነጫሉ። እነዚህ ዕጢዎች በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ላይ በብዛት ይገኛሉ። የወዙን መጠን በዋነኛነት የሚወስኑት የሰውነት ሆርሞኖችና የዘር ውርስ ናቸው። በመሆኑም ወዛም ቆዳ በሽታም ሆነ የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም።

መዋቢያ በወዛም ፊት ላይ ቶሎ የሚፈርሰው ወዙ ከቀለሙ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚያቀልጠውና ላብም ከሥር ስለሚያነሳው ነው። ከመንገድ የሚነሳ አቧራም ከወዙ ጋር ሲጣበቅ ፊቱን ያጠቁራል፤ በተለይ በባጃጅ ወይም በእግር ለሚጓዙ ሰዎች ይህ የዕለት ተዕለት ችግር ነው።

ሌላው በአካባቢው ትኩረት የሚሻ ምክንያት ለፀጉር የሚቀባው ቅቤ፣ ቫዝሊንና ሌላ ቅባት ነው። ቅባቱ በፀሐይ ቀልጦ ወደ ግንባርና ወደ ጆሮ ግንድ ሲወርድ የቆዳ ቀዳዳዎችን በመድፈን በፀጉር ዳርቻ ላይ ብጉር ያስከትላል፤ መዋቢያውንም ያንሸራትታል። ፀጉርን ቅቤ መቀባት የቆየ ባህል እንደመሆኑ መተው አያስፈልግም። ሆኖም ቅቤውን መዋቢያ ከሚደረግበት ቀን አስቀድሞ መቀባት፣ በሻሽ መያዝ፣ ፀጉርን መታጠብና ግንባርን በሚገባ ማጽዳት ይመከራል።

ከመዋቢያ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

1. ፊትዎን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ የፊት ማጠቢያ ይታጠቡ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ እንዲሁም ከበዛ ላብ በኋላ መታጠብ በቂ ነው። የልብስ ሳሙና፣ አልኮልና ሻካራ መፈግፈጊያ ከቆዳው ላይ ያለውን ወዝ ለጊዜው ቢያነሱም የወዙን ምንጭ አያደርቁም፤ ይልቁንም ቆዳውን ይቆጠቁጣሉ፣ ያቆስላሉ።

2. ፊትዎን በንጹሕ ፎጣ ጫን ጫን በማድረግ ያድርቁ፤ አይሹት። ፎጣውን ከሌላ ሰው ጋር አይጋሩ።

3. ዘይት የሌለበት ቀላል የቆዳ ማለስለሻ በስሱ ይቀቡ። ወዛም ቆዳም እርጥበት ያስፈልገዋል። ማሸጊያው ላይ «ኦይል ፍሪ» ወይም «ኖን ኮሜዶጀኒክ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ምርቶች የቆዳ ቀዳዳን የመድፈን ዕድላቸው አነስተኛ እንዲሆን ታስበው የተዘጋጁ ናቸው።

4. የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀቡ። ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለሆነም አየሩ ቀዝቀዝ ቢልም የጨረሩ ኃይል ቀላል አይደለም። የመከላከያ መጠኑ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በጄል ወይም በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀ ምርት ለወዛም ቆዳ ይስማማል። ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ አስቀድመው ይቀቡት።

5. የተቀቡት እስኪደርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆዩ። እርጥብ በሆነ ክሬም ላይ የሚደረብ መዋቢያ ወዲያው ይንሸራተታል።

የአቀባብ ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ፕራይመር ካለዎት በጣም በሚወዛው የፊት ክፍል ላይ ብቻ፣ ማለትም በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ላይ በጥቂቱ ይጫኑት። ፕራይመር ከሌለዎት ስስ ፓውደር በእነዚሁ ቦታዎች ላይ አስቀድሞ መንካት ይቻላል።

በመቀጠል ዘይት የሌለበትን ፋውንዴሽን ከፊት መሃል ጀምሮ ወደ ዳር በስሱ ያዳርሱ። ብጉር ወይም ጠባሳ ለመሸፈን ሲባል መላ ፊትን በወፍራሙ መቀባት አይመከርም። ወፍራም ሽፋን በወዝ ቶሎ ይሰነጠቃል። መሸፈን ያለበትን ቦታ ብቻ በጣት ጫፍ ወይም በትንሽ ብሩሽ ደግሞ መንካት የተሻለ ነው።

ከዚያም ልል የሆነ ፓውደር በስፖንጅ ወስደው ፊት ላይ ይጫኑት። ፓውደርን እየጠረጉ መቀባት ከሥር ያለውን ፋውንዴሽን ያነሳል። ፓውደር በሚደረግበት ጊዜ ብናኙን ወደ ውስጥ አለመሳብና ሕፃናትን ማራቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ለፊት የተዘጋጀ ማጽኛ ስፕሬይ መጠቀም ይቻላል። አንዳንዶች የፀጉር ስፕሬይን በፊት ላይ ይነፋሉ። ይህ ምርት ለፊት ቆዳ የተዘጋጀ ባለመሆኑ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያስቆጣ ለዚህ ዓላማ መዋል የለበትም።

በቀን ውስጥ የሚደረግ ክትትል

በወዛም ቆዳ ላይ ያለ ምንም ክትትል ቀኑን ሙሉ የሚቆይ መዋቢያ የለም። ፊት ማብረቅ ሲጀምር ንጹሕ ሶፍት ወይም ወዝ መምጠጫ ወረቀት ሳይሹ ለጥቂት ሰከንድ በመጫን ወዙን ያንሱ። ፓውደር የሚጨመረው ወዙ ከተነሳ በኋላ ብቻ ነው። በወዝ ላይ የሚደረብ ፓውደር ይቋጠራል፣ ያጠቁራልም።

ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ መፈለግ፣ ጃንጥላ ወይም ባርኔጣ መያዝ ለቆዳውም ለመዋቢያውም ይጠቅማል። ከቤት ውጭ የሚቆዩ ሰዎች የፀሐይ መከላከያውን በየሁለት ሰዓቱ መድገም ይኖርባቸዋል።

ለሶላት በቀን ውስጥ ደጋግመው ውዱእ የሚያደርጉ ተጠቃሚዎች ውሃ የማያስገባ መዋቢያ ከመምረጥ ይልቅ በቀላሉ የሚታጠብና ስስ የሆነ መዋቢያ ቢመርጡ፣ ሲታጠቡም ፊታቸውን ሳይሹት ይቀልላቸዋል።

በበዓልና በሠርግ ወቅት

በመስቀልና በዓረፋ ወደ ቤተሰብ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። የጥር ወር ደግሞ የሠርግ ወቅት ነው። በእነዚህ ቀናት መዋቢያው ማልዶ ተደርጎ እስከ ምሽት ስለሚቆይና ምግብ በሚዘጋጅበት እንፋሎትና ጭስ መካከል ስለሚዋል፣ የሚከተሉትን ማድረግ ይጠቅማል፦

• አዲስ ምርት በበዓሉ ወይም በሠርጉ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞከር። ቢያንስ ከሳምንት በፊት በክንድ የውስጥ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብቶ ለ48 ሰዓት መጠበቅና ማሳከክ፣ መቅላት ወይም እብጠት አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።
• የምድጃ ሥራ ያለባት ሴት ሥራዋን ከፈጸመችና ፊቷን ከታጠበች በኋላ ብትዋብ መዋቢያው የተሻለ ይቆያል።
• ሙሽራዋ ፊቷን «ለማጥራት» በሚል ከሠርጉ በፊት ባሉት ሳምንታት አዲስ የማንጫ ክሬም መጀመር የለባትም።

ሊወገዱ የሚገባቸው ምርቶችና ልማዶች

የስቴሮይድ ክሬሞች፦ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የተባሉት መድኃኒቶች ለተወሰኑ የቆዳ ሕመሞች በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጡ ናቸው። አንዳንድ ሰዎች ግን ለብቻቸው ወይም ከፋውንዴሽን ጋር ቀላቅለው ይቀቧቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳው የጠራና የለሰለሰ ስለሚመስል መዋቢያው ያማረ ይሆናል። ውሎ አድሮ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይበዛል፣ ፊት ላይ ፀጉር ሊበቅልም ይችላል። ክሬሙ ሲቋረጥ ፊቱ ስለሚቀላና ስለሚያቃጥል ብዙዎች መልሰው ይቀባሉ፤ ጉዳቱም በዚሁ ይቀጥላል። ክሬሙን ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው ለማቆም የጤና ባለሙያ ማማከር አለበት።

ሜርኩሪ ያለባቸው ማንጫዎች፦ ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት በመግባት ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። በነፍሰ ጡር እናት በኩል ወደ ጽንሱ ሊተላለፍ፣ በፎጣና በንክኪም ወደ ሕፃናት ሊደርስ ይችላል። በማሸጊያ ላይ «ካሎሜል»፣ «ሜርኩሪክ አዮዳይድ» ወይም «አሞኒኤትድ ሜርኩሪ» የሚል ስም የያዘ ምርት መግዛት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነትም ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን የውበት መጠበቂያዎች ከገበያ ማስወጣትን ይጠይቃል።

ሃይድሮኪኖን፦ ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ሊጠፋ የተቀባበትን ማድያት በማባባስ ቆዳን እስከ ሰማያዊ ጥቁርነት ሊያደርስ ይችላል።

ሎሚና የጥርስ ሳሙና፦ ወዝ ለማድረቅ ተብለው ፊት ላይ ሲደረጉ ቆዳን ያቃጥላሉ። ሎሚ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ተቃጥሎ ሊጠቁር ይችላል።

ምንጩ ያልታወቀ ኩል፦ ከማዕድን ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ኩል ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። በተለይ ለሕፃናት ዓይን መቀባት የለበትም።

ምርት ሲገዙ ማረጋገጥ የሚገባዎት

በኢትዮጵያ የውበት መጠበቂያ ምርቶች ቁጥጥር የሚደረግባቸው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ነው። ተጠቃሚዎችም በበኩላቸው፦

• ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን፣
• የአምራቹ ስምና አገር፣ የይዘት ዝርዝር፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ በግልጽ መጻፉን፣
• በክፍት ማሰሮ ምልክት ላይ የተጻፈው ቁጥር ምርቱ ከተከፈተ በኋላ ለስንት ወራት እንደሚያገለግል የሚገልጽ መሆኑን ማወቅ አለባቸው።

ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ መለያ በሌለው ትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ ክሬም፣ እንዲሁም «በሦስት ቀን ያጠራል» ተብሎ የሚቀርብ ምርት መገዛት የለበትም። የምርቱ ሽታ ወይም ቀለም ከተለወጠ የማብቂያ ጊዜው ባይደርስም ይወገድ።

በውበት ሳሎን አገልግሎት ሲያገኙ

ብሩሽና ስፖንጅ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ሳይታጠቡ ሲተላለፉ የቆዳና የዓይን ኢንፌክሽን ያዛምታሉ። ተገልጋዮች ንጹሕ መሣሪያ እንዲቀርብላቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ሊያውቁ ይገባል። ማስካራ፣ ኩልና ሊፕስቲክ የራስን ይዞ መሄድ ይመከራል። ባለሙያው ከፋውንዴሽን ጋር የሚቀላቅለው ክሬም ካለ ስሙን ይጠይቁ፤ ማሸጊያውንም ይመልከቱ። በቤት ውስጥ የሚገለገሉባቸውን ብሩሾች ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና አጥበው ያድርቁ።

ማታ ከመተኛት በፊት

ቀኑን ሙሉ የዋለ መዋቢያ በአንድ ሌሊት መክረም የለበትም። በመጀመሪያ የመዋቢያ ማስለቀቂያ በጥጥ ነክሮ ቀለሙን ማንሳት፣ ቀጥሎ ፊትን በለስላሳ ማጠቢያ መታጠብ፣ በመጨረሻም ቀላል ማለስለሻ መቀባት ያስፈልጋል። መዋቢያ ሳያስለቅቁ መተኛት ቀዳዳዎችን በመድፈን ብጉር ያባብሳል፤ በማግስቱም የሚደረገው መዋቢያ ባልተስተካከለ ቆዳ ላይ ስለሚያርፍ ቶሎ ይፈርሳል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ መዋቢያውን አቁመው በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፦ መግል የያዘ ወይም ጠባሳ የሚተው ብጉር፣ የማይጠፋ መቅላትና ማቃጠል፣ በፍጥነት የሚሰፋ ማድያት፣ የዓይን መቅላትና ፈሳሽ። የከንፈርና የፊት እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ከተከሰተ ጊዜ ሳይሰጡ አስቸኳይ ሕክምና ማግኘት ያስፈልጋል።

ለቀላል ብጉር እንደ ቤንዞይል ፐሮክሳይድና ሳሊሲሊክ አሲድ ያሉ መድኃኒቶች በፋርማሲ ባለሙያ ምክር ሊወሰዱ ይችላሉ። ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ግን ማንኛውንም የብጉር መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል። የቆዳ ስፔሻሊስት ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች በሪፈር ሥርዓቱ መሠረት ይላካሉ። በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ከሚታወቁት ተቋማት አንዱ ነው። ወደ ሕክምና ሲሄዱ ይጠቀሙበት የነበረውን ምርት ከነማሸጊያው ይዘው ይቅረቡ፤ ይህ ለባለሙያው ሥራ ከፍተኛ እገዛ ያደርጋል።

ጥቆማ ለመስጠት

መለያ የሌለው፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ጉዳት ያደረሰ የውበት መጠበቂያ ምርት ሲያጋጥምዎ ምርቱን ሳይጥሉ ያስቀምጡ። የተገዛበትን ቦታና ቀን መዝግበው በአካባቢዎ ለሚገኘው የጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ያሳውቁ። የአንድ ተጠቃሚ ጥቆማ ያንኑ ምርት ሊገዙ የነበሩ ሌሎች ሰዎችን ከጉዳት ሊያድን ይችላል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ መረጃ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ሲሆን የጤና ባለሙያን ምርመራና ምክር አይተካም።