መያዣ የሆነችው ሚስት፦ የፍላድ ቤተሰብና እስከ ዛሬ ያልተዘጋው ሒሳብ

የአፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሳ ሴባስቶፖልን የማያነሳ የለም። ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ፣ ተራራ እየተቆፈረ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይነገረው ግን መድፉን ከሠሩት ፈረንጆች አብዛኞቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት መድፍ ሊሠሩ አለመሆኑ ነው። የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነበር። ሚስት ነበራቸው፣ ልጅ ነበራቸው፣ የሚነድ ምድጃ ነበራቸው። ከእነዚህ ቤቶች የአንዱ ታሪክ ከጋፋት ተነስቶ ዛሬ የእስራኤል ፓርላማ እስከሚጨቃጨቅበት ጉዳይ ድረስ ይዘልቃል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑበት በ1855 ሁለት ጀርመኖች ሁኔታውን ሊያጠኑ ወደ አገሩ ገቡ። አንዱ ቀደም ሲል ሸዋን የሚያውቀው ሉድቪግ ክራፕፍ ነው። ሌላው የ24 ዓመቱ ማርቲን ፍላድ። የላካቸው የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ሲሆን ሐሳቡም ቀላል ነበር፦ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የእጅ ሙያ ያላቸው ወጣቶች ይላኩ፣ በሙያቸው እየኖሩ ወንጌል ያስተምሩ።

ንጉሡም ሐሳቡን ወደዱት፤ የወደዱት ግን ግማሹን ነው። እሳቸው የፈለጉት እጃቸውን ነበር፤ ጎባት የፈለገው ነፍስ ነበር። ሁለቱም ወገን ሌላውን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ፍላጎት የሚያመጣው መስሎት ተስማማ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጣጣ በሙሉ ከዚህ ስምምነት የተወለደ ነው።

ፍላድ ለጥቂት ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሶ ፓውሊና የምትባል ሴት አግብቶ መጣ። ፓውሊና በካይዘርስቬርት የሴት ዲያቆናት ማኅበር ሥር ኢየሩሳሌም ውስጥ ታገለግል የነበረች ናት። ባልና ሚስቱ በኋላ በደምቢያ፣ ጀንዳ በሚባል ስፍራ፣ በቤተ እስራኤል መካከል ተቀመጡ። አቡነ ሰላማ ሥራውን የፈቀዱት በአንድ ብርቱ ቅድመ ሁኔታ ነበር፦ ያመነ ሁሉ የሚጠመቀው በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሚሲዮኑ የራሱን ቤተ ክርስቲያን መትከል አይችልም ማለት ነው።

እናም ስብከት የሚሉት ነገር በመድረክ ሳይሆን በቤት ውስጥ ሆነ። ማንበብ ማስተማር፣ በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ማደል፣ እንግዳ መቀበል፣ ልጅ ማሳደግ። ይህ ተራ ኑሮ ይመስላል። ለቤተ እስራኤል ግን ተራ አልነበረም። በሕጋቸው ከሌላ እምነት ሰው ጋር አይበላም፣ የነካም ሳይታጠብ መንደር አይገባም። ስለዚህ የሚሲዮናዊ ቤት ገብቶ ማዕድ መቁረስ ራሱ ከወገን መለየት ነበር። ከልጅነቱ በፍላድ ቤት ያደገው ሚካኤል አረጋዊ በኋላ ቅድስት ክሪሾና ተምሮ የሚሲዮኑ ዋና ሰው ሆነ። አንድን ሰው እንዲህ የቀረጸው ለዓመታት የኖረበት ቤት ነው።

ከዚያ ዘመኑ ከፋ። ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ምላሽ አጣ። ሄንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ በመጽሐፉ የንጉሡን ትውልድ ዝቅ አድርጎ መጻፉ ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ሆነ። በ1863 ስተርን ተደብድቦ ታሰረ፤ በ1864 መጀመሪያ ቆንስል ካሜሮን ተከተለ። ፍላድም ከእስር አላመለጠም፤ በኋላ ተፈትቶ ከባለ እጆቹ ጋር ጋፋት ተቀመጠ።

በ1866 ንጉሡ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያና ማሽን እንዲያመጣ። ፓውሊናና ልጆቿ ግን አይሄዱም። መያዣ ናቸው።

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች ካሜራውን ከባልየው ጋር ወደ ለንደን ይወስዱታል። ፍላድ በነሐሴ ቪክቶሪያን አገኘ፣ ባለሙያዎቹም ተመለመሉ፤ ነገር ግን እስረኞቹ እንደገና መታሰራቸው ስለተሰማ ምጽዋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ፍላድ በ1867 ባዶ እጁን ወደ ንጉሡ ተመለሰ። ጀግንነት ነው፤ አይካድም። የሄደው ሰው ግን ቢያንስ ምን እየሆነ እንዳለ ያውቅ ነበር። የቀረችው ሴት የምታውቀው የንጉሡን የዕለት ፊት ብቻ ነው። ባሏ ቢዘገይ፣ ለንደን ላይ አንድ ሹም ቢቆጣ፣ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። ያም ሆኖ ልጆች መብላት አለባቸው፣ ጠዋት እሳት መለኮስ አለበት። በንጉሡ የመጨረሻ ጉዞ የፈረንጆቹ ቤተሰቦች ከመድፉ ጋር እስከ መቅደላ ተጓዙ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ ተፈቱ፤ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሰዉ።

ፍላዶች ወደ ጀርመን ተመልሰው ኮርንታል ተቀመጡ። ሥራው ግን አልቆመም። ፍላድ በ1915 በ84 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ዕድሜውን ለዚሁ ሚሲዮን ሰጠ። በደብዳቤ ይመራል፣ አንዳንዴም ወደ ምጽዋ ወርዶ አገልጋዮቹን ያገኛል። ደምቢያ ላይ ሸክሙን የተሸከሙት እንደ ሚካኤል አረጋዊ ያሉ የአገሬው ሰዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። መያዣ የሆነችው ፓውሊና ብቻ አይደለችም። የሚሲዮኑ ጫና ገና ከጅምሩ ቤተ እስራኤልን ከፈለ። በ1862 በአባ መሃሪ የተመሩ ብዙ ሰዎች በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሱ አንዱ ገፊ ምክንያት ይህ ነበር፤ ብዙዎች በመንገድ አለቁ። የአውሮፓ አይሁድም ዜናውን ሰምተው በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪን ላኩ።

ክርስትና የተቀበሉት ደግሞ በሁለት ዓለም መካከል ቀሩ። ጎረቤታቸው እንደ ድሮው አይሁድ ይላቸዋል፣ የቀድሞ ወገናቸው ከዳተኛ ይላቸዋል። ዛሬ ፈላሽ ሙራ የሚባለው ማኅበረሰብ ሁሉ ከሚሲዮን የመጣ አይደለም፤ ረሃብ፣ የመሬት እጦትና መገለልም ብዙዎችን ወደ ጥምቀት ገፍተዋል። በሩን መጀመሪያ ከከፈቱት አንዱ ግን የጀንዳው ቤት ነው። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ የአያቶቻችሁ ጥምቀት አለ ተብለው የቀሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገብተዋል፤ የገቡት ግን ለአይሁድ በተሰጠው የመመለስ ሕግ ሳይሆን በሌላ ፈቃድ ነው። ወንድም እዚያ፣ እህት ጎንደር የቀረችበት ቤተሰብ ዛሬም አለ።

ፍላዶችን ክፉ ማለት ፍትሕ አይሆንም። በቅንነት የኖሩ፣ ለእምነታቸው የታሰሩ ሰዎች ናቸው። ቅንነት ግን ዕዳን አይሰርዝም። በ1860ዎቹ ሁለት ተቋማት፣ ዙፋንና ሚሲዮን፣ የየራሳቸውን ዓላማ በቤተሰብ ላይ ጫኑ። ንጉሡ የፓውሊናን ልጆች መያዣ አደረጉ። ሚሲዮኑም ሳያስበው የደምቢያን ልጆች መያዣ አደረገ። የፓውሊና ልጆች በሁለት ዓመት ውስጥ ተፈቱ። የደምቢያዎቹ የልጅ ልጆች ዛሬም የኤምባሲ ወረፋ ይጠብቃሉ።